የስም ሐብል፣ የአንገት መስቀል ወይስ የአያት ድሪ? ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ጌጥ አመራረጥ

በፊደላችን ስም የተጻፈበት የአንገት ሐብል ዛሬ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለምረቃና ለልደት ከሚሰጡ ስጦታዎች አንዱ ሆኗል። ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጀምሮ እስከ ዋሽንግተንና ዱባይ ድረስ የሚያሠራው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ገዢ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ካራቱና ስለ ዋጋው ነው። ዕቃው ከለባሹ ዕድሜ በላይ እንዲቆይ የሚፈለግ ከሆነ ግን ከሁለቱም መቅደም ያለበት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ጌጡ ከአርባ ዓመት በኋላ በሌላ ሰው አንገት ላይ ሲውል ምን ተብሎ ይነበባል የሚለው ነው።

ፈረንጆች ስም የተቀረጸበትን ቀለበት ለልጅ ልጅ ሲያወርሱ የቤተሰቡ ስምም አብሮ ስለሚወረስ ብዙ አይቸገሩም። በእኛ ዘንድ ግን ስም በየትውልዱ ይለወጣል፤ ልጅ የራሱን ስም ይዞ የአባቱን ያስከትላል፣ የአያቱ ስም በሦስተኛነት ይቀመጣል፣ የቅድመ አያቱ ስም ደግሞ ከመታወቂያ ላይ ጨርሶ ይወጣል። «ሰናይት» የሚል ሐብል ሰናይት ላልተባለች የልጅ ልጅ ሲደርስ፣ አያቷን አስባ የምታደርገው ካልሆነች በቀር፣ ወይ ሣጥን ውስጥ ይከርማል ወይ ቀልጦ የሌላ ሰው ስም ይሆናል። ከዚህ ለየት የሚለው የውጭ አገር ነዋሪው ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የተመዘገበ ቤተሰብ የአያቱን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርጎ ለልጆቹ ሲያስተላልፍ ስሙ በዚያው ይረጋል፤ ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ያንን አንድ ስም የያዘ ጌጥ ማሠራት ትርጉም አለው። አገር ቤት ላለው ግን እኔ በግሌ ስምን ፊት ለፊት ከመስቀል ይልቅ ከጌጡ ጀርባ ማስጻፉን እመርጣለሁ።

ፊቱ ለሁሉም፣ ጀርባው ለባለቤቱ

የአንገት መስቀልን ከስም ሐብል ጋር ስናነጻጽር የመጀመሪያው ብልጫ እዚህ ላይ ይታያል፤ የመስቀሉ ፊት የማንም ስም ስለሌለበት የሚወርሰው ሁሉ ሳያፍርና ሳያስረዳ ያደርገዋል፣ ጀርባው ደግሞ ጽሑፍ ይይዛል። ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ ጀርባው ድፍን የሆነ መስቀል ሦስት ወይም አራት ስም በደቃቅ ፊደል ሊሸከም ስለሚችል እያንዳንዱ ትውልድ አንድ ስም እየጨመረበት ሊሄድ ይችላል። ይህ እንዲሆን ግን የመጀመሪያው ባለቤት መሐሉን በትልልቅ ፊደል መያዝ የለበትም፤ ከላይ በኩል በትንሹ ጀምሮ ለተከታዮቹ ቦታ መተው አለበት። ብዙ ቤተሰብ ለሰው የማይናገረው የክርስትና ስምም፣ ወለተ ማርያም ይሁን ገብረ ሥላሴ፣ ገላን በሚነካው ጀርባ ላይ ቢጻፍ ለተፈጥሮው የተስማማ ነው። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ የክርስትና እናት ወይም አባት የሚሰጡት መስቀል ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሆኖም ሕፃን ልጅ ሐብል ለብሶ መተኛት ስለሌለበት ልጁ እስኪያድግ ድረስ ዕቃው እናቱ ዘንድ ቢቀመጥ ይሻላል።

መስቀሉ በቀጭን የወርቅ ወይም የብር ክር እየተጠላለፈ የተሠራ ከሆነ፣ ወይም ፍርግርግ ከሆነ፣ ለጽሑፍ የሚሆን ገጽ አይኖረውም። እንዲህ ሲሆን ጠባብ የብር ሰሌዳ ከማንጠልጠያው አጠገብ ማስጨመር ይቻላል። ሱቅ ውስጥ «የላሊበላ»፣ «የአክሱም»፣ «የጎንደር» እየተባለ የሚነገረው ስም ቅርጹን ለመለየት ያህል የሚያገለግል የገበያ መጠሪያ እንጂ ዕቃው የተሠራበትን አገር ሁልጊዜ የሚናገር አይደለም። ስለዚህ «አባቴ ጎንደሬ ስለሆኑ» ብሎ በሱቅ ስም ብቻ ከመምረጥ፣ የአባት ወይም የእናት ቤተሰብ በፎቶግራፍ ላይ አድርገውት የሚታየውን መስቀል ወስዶ ማስመሰል የተሻለ ነው።

ሃይማኖቱ የተለያየ ቤተሰብ፣ ወይም መስቀል ማንጠልጠል የማይፈልግ ሰው፣ የሚመርጠው ሞልቷል። የደጋ ሴቶች በአንገታቸው ሲያንጠለጥሉት የኖሩት ጌጠኛ የብር ኩክ ማውጫ ዛሬ በአብዛኛው ጆሮ መጥረጊያነቱ ተረስቶ ጌጥነቱ ብቻ ቀርቷል፤ ከነጌጡ ግን ሙሉ በሙሉ የቤት ዕቃ ስለሆነ የማንንም እምነት አይጠይቅም፣ ትንሿ ማንኪያም የትንሽ ቀልድ ምክንያት ትሆናለች። አምባርና አልቦ፣ የሐረር ብር አንጥረኞች ሥራ፣ በኦሮሞ ዘንድ የተከበረው ጨሌ፣ የቁርኣን ጥቅስ የሚቀመጥበት የብር ማኅደር፣ እያንዳንዱ የየራሱ ሥርዓት አለው። እዚህ ላይ የማሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጨሌ በሥርዓቱ የሚያዝ ዕቃ ስለሆነ ከሌላ ዶቃ ጋር ቀላቅሎ «ዘመናዊ» ከማድረግ በፊት ቤተሰቡን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ወርቅ፣ ብር፣ ቅብ

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የማዕድኑ ምርጫ ነው። ካራት የሚለካው ከ24 ስለሆነ 21 ካራት ማለት ከ1000 እጅ 875ቱ፣ 18 ማለት 750ው፣ 14 ማለት ደግሞ 585 ያህሉ ንጹሕ ወርቅ ነው። አምስት ግራም የሚመዝን ሐብል በ21 ካራት ሲሠራ ወደ 4.4 ግራም፣ በ18 ሲሠራ 3.75 ግራም፣ በ14 ሲሠራ 2.9 ግራም ያህል ንጹሕ ወርቅ ይኖረዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች 21 እና 22 የተለመደ ነው፤ በአሜሪካ 14፣ በአውሮፓ ደግሞ 18 ወይም ከዚያ ያነሰ ይበዛል። ከዓረብ አገር ሠርተው የሚመለሱ እኅቶቻችን ደመወዛቸውን በ21 ካራት አምባር ማስቀመጣቸው ትክክል ነው፤ አምባሩ ቢቸግር የሚሸጥ ተቀማጭ ገንዘብ ነውና። ሲሸጥ የሚመለሰው የወርቁ ዋጋ እንጂ የእጅ ዋጋው ስላልሆነ ለተቀማጭ የሚገዛ ሰው ጌጥ ያልበዛበትን፣ ጽሑፍ የሌለበትን መምረጥ አለበት።

ለሚወረስ ጌጥ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ንጹሕነቱ ከፍ ባለ ቁጥር ወርቁ ለስላሳ ስለሚሆን የ21 ካራት ፊደል በየቀኑ ከልብስና ከገላ ጋር ሲታሽ ጫፉ እየሟሸሸ ይሄዳል። ደቃቅ ጽሑፍ የሚጻፍበት ከሆነ 18 ካራት ለእኔ ሚዛናዊው ምርጫ ነው፤ ሁልጊዜ ለሚደረግና ለሥራ ሰው 14ም አያሳፍርም። ነጭ ወርቅ የሚፈልግ ሰው ኒኬል መኖር አለመኖሩን ይጠይቅ፣ ቆዳቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉና።

ስለ ብር ትንሽ ረዘም ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የአያቶቻችን ጌጥ በአብዛኛው ብር ስለሆነና ስለ ብር የሚነገረው ስሕተት ብዙ ስለሆነ ነው። ዛሬ በዓለም ገበያ «ጥሩ ብር» የሚባለው ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ የሆነው ሲሆን «925» የሚል ማኅተም ይደረግበታል። የእኛ አሮጌ መስቀሎችና ድሪዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ግን ጠገራ ብር እየቀለጠ ነው። ይህ በኦስትሪያዋ ንግሥት በማሪያ ቴሬዛ ምስል የተመታው ገንዘብ መቼም ይመታ መቼ 1780 የሚል ዓመት ይዞ የሚወጣ፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር የሆነ ነበር፤ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ በኋላ ከመገበያያነት እየወጣ ወደ አንጥረኛው ጉያ የገባውም ብዙ ነው። ስለዚህ የአያት መስቀል በመሣሪያ ተመርምሮ «925 አይሞላም» ቢባል ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም «የቅድመ አያት ነው» እየተባለ የሚሸጥ መስቀል ጀርባው ላይ 925 ተመትቶበት ካገኙት መጠርጠር ያለበት እሱ ነው። የብር መጥቆር በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር እንጂ የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ በጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ጥቁረት ቅርጹን አጉልቶ የሚያሳይ ስለሆነ አሮጌ ሥራን እንደ መስታወት ካላበራሁ ብሎ መፈግፈግ ስሕተት ነው። በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል፤ በረኪና ግን በጭራሽ መነካት የለበትም።

የወርቅ ቅብን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ቅቡ በማይክሮን የሚለካ ስስ ሽፋን ነው፤ ሲወለወል ይነሣል፣ ሲበየድ ይቃጠላል፣ ስለዚህ የማይጠገን ዕቃ ነው። ለበዓል ልብስ ማድመቂያ ቢገዛ አልቃወምም። ገንዘቡ ከዚያ በላይ የማይፈቅድለት ሰው ግን ናስ ላይ ከተቀባው ይልቅ ብር ላይ የተቀባውን ይምረጥ፤ ቅቡ ሲያልቅ ከሥር የሚቀረው ብር ራሱን ችሎ ይወረሳል።

ፊደሉ ላይ የሚወድቀው ሥራ

በስም ሐብል ላይ ያየሁት ስሕተት አብዛኛው የሚመጣው ከወርቁ ሳይሆን ከፊደሉ ነው። የላቲን ፊደል በእጅ ጽሕፈት ሲጻፍ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ የእኛ ግን እያንዳንዱ ለብቻው የሚቆም ስለሆነ ተቆርጦ ሲወጣ የሚያያይዘው ዘንግ ይፈልጋል። ዘንጉ ከላይ ከተደረገ «ሰ» «ሸ»ን፣ «ነ» ደግሞ «ኘ»ን ይመስላል፤ ሰላም የተባለች ልጅ «ሸላም» የሚል ሐብል አድርጋ ትሄዳለች። ዘንጉ ከታች ከተደረገ ደግሞ የሣልሱ እግር ላይ ያለችው ጭረትና የኃምሱ ቀለበት በዘንጉ ውስጥ ይዋጣሉ፤ «ቢ» እና «ቤ» ከ«በ» አይለዩም። ሲሳይ የሚባል ሰው ከላይም ከታችም መውጫ የለውም ማለት ነው። ለዘመድ ልጅ ብዬ በበይነ መረብ ካዘዝኩት ሐብል ላይ «ሰብለ» የሚለው «ሰበለ» ሆኖ መጥቶልኛል፤ የ«ብ»ን ትንሽ ጭረት ቆራጩ ቆሻሻ መስሏት ወይም መስሎት ጠርጎ ጥሏት ነበር።

ይህን ለማምለጥ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ፊደሎቹን ስስ ድፍን ሰሌዳ ላይ በብየዳ ማስቀመጥ ነው፤ ያምራል፣ ግን ክብደትና ዋጋ ይጨምራል። ሁለተኛው ሰሌዳውን በስቶ ፊደሉን ክፍት ማድረግ ነው፤ እንዲህ ሲሆን እንደ «ዐ»፣ «ወ» እና «መ» ያሉት ፊደሎች ውስጣቸው የተዘጋ ስለሆነ የመሐሉ ብረት ተበስቶ ይወድቃል፣ «ዐ» ተራ ቀዳዳ ይሆናል፤ ስለዚህ ሠሪው በቀጭን ድልድይ ማያያዝ ማወቅ አለበት። ሦስተኛው ድፍን ሰሌዳ ላይ መቅረጽ ነው፤ ሁሉም ፊደል በትክክሉ የሚቀመጠው፣ ዕቃውም የማይሰበረው በዚህ ነው። የምመክረውም እሱን ነው፤ ሰሌዳው ከ1 ሚሊ ሜትር ያልሳሳ፣ ቀረጻው ደግሞ ብረቱን ቆፍሮ የገባ እንዲሆን ተነጋግሮ ማዘዝ ያስፈልጋል። በጨረር በስሱ የተጻፈ ጽሑፍ በመጀመሪያው ቀን ከእጅ ሥራ ይበልጥ የጠራ ቢመስልም ሁለት ሦስት ጊዜ ሲወለወል ሊደበዝዝ ይችላል።

አጻጻፉም አስቀድሞ መወሰን አለበት። ፀሐይ ወይስ ጸሐይ፣ ኃይሉ ወይስ ሀይሉ፣ ዓለም ወይስ አለም የሚለው ክርክር ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚፈታ አይደለም። እኔ የምከተለው ባለቤቱ የሚፈርምበትን ነው፤ ባለቤቱ ሕፃን ከሆነ የልደት የምስክር ወረቀቱን፣ ስሙ የግእዝ ከሆነ ደግሞ ቢቻል የቤተ ክህነት ትምህርት ያለውን ዘመድ መጠየቅ ነው። ውጭ አገር ለተወለደ ልጅ ፊት ላይ በፊደላችን፣ ጀርባው ላይ በፓስፖርቱ የተመዘገበውን የላቲን አጻጻፍ ማድረግ ይጠቅማል። በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ጉዳይ ከዚህም ይለያል፤ ከ1977ቱ የሙሴ ዘመቻም ሆነ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከተጓጓዙበት የሰሎሞን ዘመቻ በኋላ ለብዙዎች፣ በተለይም ለልጆች፣ የዕብራይስጥ ስም ስለወጣላቸው የአገር ቤቱ ስም የሚነበብበት ቦታ ጠቧል። ሁለቱን ስም በአንድ መስመር ለማስጻፍ ሲሞከር አንዱ ከግራ ሌላው ከቀኝ ስለሚነበብ ግራ ያጋባል፤ አንዱን በፊት አንዱን በጀርባ ማድረግ ይሻላል።

ስለ ቀን የሚሰጠው ምክርም እዚሁ ይካተታል። ጥር 17 ቀን 2012 ዓ.ም. የተጋቡ ባልና ሚስት በፈረንጆቹ ጃንዩወሪ 26 ቀን 2020 ነው የተጋቡት፤ ቀለበቱ ላይ «2012» ብቻ ቢጻፍ የልጅ ልጃቸው የትኛውን አቆጣጠር እንደሆነ ማወቂያ የላትም፣ ሁለቱም የሚያስኬድ ዓመት ነውና። «ዓ.ም.» የሚለውን መጨመር ያግዛል፤ በግእዝ ቁጥር ፳፻፲፪ ብሎ መጻፍ ግን የበለጠ ግልጽ ከመሆኑም በላይ ከቀለበት ውስጥ ከአራት ፊደል የማይበልጥ ቦታ ይይዛል።

አሮጌውን ማደስ፣ ማቅለጥ ወይስ ማከፋፈል

ቤት ውስጥ አሮጌ ጌጥ ያለው ሰው አዲስ ከማሠራቱ በፊት ያንን ሊያይ ይገባዋል። የተበጠሰ የወርቅ ሰንሰለት፣ ነጠላ የቀረ ጉትቻ፣ የታጠፈ ቀለበት ቀልጦ አዲስ ቢሆን የሚጎድል ታሪክ የለም፤ «የእናቴ ጥሎሽ ወርቅ እዚህ ውስጥ አለ» ማለት በራሱ በቂ ነው። በእጅ የተሠራ መስቀል ወይም ድሪ ማቅለጥ ግን ልክ ፎቶግራፍን ለወረቀቱ ሲሉ እንደ መቅደድ ነው። የድሮው አንጥረኛ ቅርጹን በሰም አውጥቶ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን አቅልጦ አፍስሶ ወርቁን ስለሚያፈስበት፣ የቅኔው ሰምና ወርቅም ስያሜውን ያገኘው ከዚያው ነው፤ በዚህ መንገድ የተሠራው ዕቃ ሰሙ አንድ ጊዜ ስለሚጠፋ መንትያ የለውም።

ማቅለጡ ከተወሰነ ዕቃውን ፎቶ አንሥቶ፣ በፊቱ አስመዝኖ፣ ሲቀልጥም ቆሞ ማየት የባለቤቱ መብት ነው። አሮጌ ብየዳ ያለበት ወርቅ ሲቀልጥ ጥቂት እንደሚጎድልና ካራቱም ዝቅ ሊል እንደሚችል አስቀድሞ መነጋገር ከኋላ ቅያሜ ያድናል።

ልጆች ብዙ ከሆኑ የጌጡ ዓይነት ሌላ መለኪያ ይሆናል። መስቀልና ቀለበት አይከፈሉም፤ ለአንዱ ሲሰጡ ሌላው ያኮርፋል። ድሪ ግን ብዙ መስመርና ብዙ ፍሬ ስላለው ለአራት ሴት ልጆች ተከፍሎ እያንዳንዷ የራሷን ሐብል ልትሠራበት ትችላለች፤ ለሠርግ ቀንም እንደገና ሊገጣጠም ይችላል። ብዙ ልጅ ላላቸው ወላጆች አንድ ውድ ሐብል ከማሠራት ይልቅ ከአንድ ብር የወጡ አራት ትንንሽ መስቀሎችን ማሠራት ከጠብ እንደሚያድን ከአንድ በላይ ቤት አይቻለሁ።

አሮጌ ዕቃ ይዞ ከአገር የሚወጣ ሰው ማወቅ ያለበት ሕግ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ማውጣትን ስለሚከለክል፣ ጥንታዊ የሚመስል መስቀል ወይም ጌጥ ከመጓዙ በፊት ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማሳየትና ማረጋገጫ መቀበል ያስፈልጋል። አዲስ የተሠራ ዕቃ የሚይዝም የሱቁን ደረሰኝ ከጌጡ ጋር ቢይዝ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አይንገላታም። በእንግሊዝ አገር ለማሠራት ወይም ለመሸጥ ላሰበ ደግሞ፣ በመሠረቱ ከ1 ግራም በላይ የሆነ የወርቅ ዕቃ የንጽሕና ማኅተም ሳይደረግበት «ወርቅ» ተብሎ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ሕጉ ያዛል፤ የብሩ ወሰን 7.78 ግራም ነው።

ትእዛዝ ሲሰጥ መረሳት የሌለበት ትንሽ ነገር ማንጠልጠያዋ ቀለበት ናት። ጌጥ የሚጠፋው በአብዛኛው እሷ በሰንሰለቱ ተበልታ ስትሳሳ ነው፤ ስለዚህ ወፍራም እንድትሆን፣ አፏም ተጣምሞ የተዘጋ ሳይሆን የተበየደ እንዲሆን ማሳሰብ ይገባል። ዕቃው ሲረከቡ ክብደቱን፣ ካራቱን፣ የሠራውን ሰው፣ የተሠራበትን ቀንና ምክንያት በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ ከጌጡ እኩል የሚወረስ ነገር ነው። ጌጡ ብር ከሆነ ግን ወረቀቱን ከእሱ ጋር በአንድ ከረጢት ማስቀመጥ አይገባም፤ አንዳንድ ወረቀትና ካርቶን ድኝ ስላለበት ብሩን ያጠቁረዋልና፣ ወረቀቱ ከሠርግ ፎቶ አልበሙ ጋር ይቀመጥ።